ጋዝን በቧንቧ ወደ ቤት ስለ ማስገባት፤ መስመሩ አስቀድሞ እንዴት እንደሚታቀድ



በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ማለዳ ተነሥቶ መንደሩን ከሩቅ የሚመለከት ሰው ከየቤቱ ክዳን ላይ ጢስ ሲወጣ ያያል። ይህ ለመንገደኛው የሰላምና የጥጋብ ምልክት መስሎ ይታየዋል። እሳቱን እፍ ስትል ለምታረፍደው እናትና በጀርባዋ ላይ ለታዘለው ሕፃን ግን ጢሱ የዓይን፣ የሳልና የሳንባ ሕመም ምክንያት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በቤት ውስጥ በሚጨስ እሳት ምክንያት እንደ ሞቱ ገምቷል፤ ከነዚህም ውስጥ ከ237 ሺህ የሚበልጡት ዕድሜያቸው 5 ዓመት ያልሞላ ሕፃናት ናቸው።

ከዚህም በላይ ደኑ ስለ ተመናመነ በነዚህ ወረዳዎች ብዙ ቤተ ሰብ ኩበት ያነዳል። ኩበት የሚነድበት ቤት ሁለት ጊዜ ይጎዳል። በውስጥ የሰው ሳንባ ይታፈናል፤ በውጭ ደግሞ ለማሳው ማዳበሪያ ሊሆን የሚገባው ፍግ አመድ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ጢስ የሌለው እሳት ማግኘት የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የጤናና የእርሻም ጉዳይ ነው። ጢስ ከሌለው እሳት አንዱ ጋዝ ነው። ነገር ግን ጋዝ ዕቅድ ይፈልጋል። አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዳሉት፣ በችኮላ የተዘረጋ የጋዝ ቧንቧ የሚፈታው በሌሊት፣ ቤተ ሰቡ ተኝቶ ሳለ ሊሆን ይችላል። በዚህ ትምህርት የምንመለከተው የቧንቧውን መስመር አስቀድሞ በወረቀት ላይ ስለ ማቀድ ነው።

የምንናገረው ስለ የትኛው ጋዝ ነው?

በአውሮፓና በአሜሪካ ከተሞች ጋዝ እንደ ውሃ በመንገድ ሥር በተቀበረ ቧንቧ ወደየቤቱ ይገባል። በለንደን ከተማ ለዚሁ ሥራ የተቋቋመው ኩባንያ ፈቃዱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1812 ነበር። በአገራችን በኦጋዴን በካሉብና በሂላላ የተፈጥሮ ጋዝ ቢገኝም፣ ከዚያ ተነሥቶ እኛ ቤት የሚደርስ የቧንቧ መስመር የለም። ስለዚህ በደቡብ ጎንደር ስለ ጋዝ ስንናገር የምንናገረው ስለ ሁለት ዓይነት ጋዝ ነው። አንደኛው በሲሊንደር ታሽጎ የሚሸጠው ቡታጋዝ ነው። ሁለተኛው ከከብት ፍግ በጉድጓድ ውስጥ የሚፈጠረው ባዮጋዝ ነው።

ባዮጋዝ አዲስ ነገር አይደለም። አሌሳንድሮ ቮልታ የተባለው የኢጣሊያ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1776 ከረግረግ ጭቃ የሚወጣውን አረፋ ሰብስቦ የሚቀጣጠል ጋዝ መሆኑን አሳይቷል። በኢትዮጵያም በአምቦ የእርሻ ትምህርት ቤት በ1950 ዓ.ም. አካባቢ (እ.ኤ.አ. 1957/58) የመጀመሪያው የባዮጋዝ ጉድጓድ ተሠርቷል። ከዚያ ብዙ ዘመን ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2009 ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም አማራን ጨምሮ በአራት ክልሎች ሥራ ጀመረ። በመጀመሪያው ዘመኑ 14 ሺህ ጉድጓዶች ለመሥራት አስቦ 8 ሺህ ያህል አከናወነ። የጉድጓዱም ንድፍ «ስንዱ» ተብሎ ተሰየመ፤ ከመሬት በታች በድንጋይና በሲሚንቶ የሚገነባ፣ አናቱ እንደ ጉልላት የከበበ ነው። ጋዙ ከጉልላቱ ሥር ይጠራቀምና ከአናቱ ላይ በተተከለው ቧንቧ ይወጣል። ትምህርታችን የሚጀምረው ከዚህ ቧንቧ ነው።

ዕቅድ ለምን አስፈለገ?

መምህራን በተለይ ሊያስታውሱት የሚገባ አንድ ታሪክ አለ። በአሜሪካ በቴክሳስ ግዛት ኒው ለንደን በምትባል ትንሽ ከተማ አንድ ትልቅ ትምህርት ቤት ነበር። ወጪ ለመቀነስ ሲባል የጋዝ ውሉ ተቋረጠና ከነዳጅ ጉድጓዶች ከሚወጣው ትርፍ ጋዝ መስመር ላይ ቧንቧ ተቀጥሎ ወደ ሕንፃው ገባ። መገጣጠሚያው ደህና አልነበረም። ጋዙም ሽታ ስላልነበረው ማንም ሳያውቀው ከወለሉ በታች ባለው ዝግ ቦታ ተጠራቀመ። መጋቢት 18 ቀን 1937 እ.ኤ.አ. በእጅ ሥራ ክፍል አንድ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ሲከፈት ብልጭታ ወጣ፤ ሕንፃውም ተነሥቶ ወደቀ። ወደ 300 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ሞቱ። ከዚህ በኋላ ነው በጋዝ ላይ መጥፎ ሽታ እንዲጨመር በሕግ የታዘዘው።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ጋዝ የሚገድለው ከቧንቧው ውስጥ ሳለ ሳይሆን ከቧንቧው ወጥቶ ዝግ ቦታ ሲያገኝ ነው። ሁለተኛ፣ የቧንቧ መገጣጠሚያ ሁሉ የሚፈስበት ቦታ ሊሆን ስለሚችል ቁጥሩ ማነስ አለበት። ሦስተኛ፣ ቧንቧ ከወለል በታችና በግድግዳ ውስጥ ተሰውሮ ማለፍ የለበትም።

የመስመሩ አቀማመጥ ደንቦች

1ኛ/ መነሻውንና መድረሻውን መወሰን። የባዮጋዝ ጉድጓድ ከበረቱ አጠገብ፣ ፀሐይ በሚያገኘው ሜዳ፣ ከምንጭና ከጉድጓድ ውሃ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ ቢሠራ መልካም ነው። ከማድ ቤቱ ግን እጅግ መራቅ የለበትም፤ 20 ሜትር ያህል ቢሆን የተሻለ ነው። ቧንቧው በረዘመ መጠን ዋጋው ይጨምራል፤ የጋዙም ግፊት ይደክማል።

2ኛ/ አጭሩንና ቀጥተኛውን መንገድ መምረጥ። መስመሩ በወረቀት ላይ ሲነደፍ መጠምዘዣዎቹና መገጣጠሚያዎቹ ሁሉ ይቆጠሩ። ባለሙያዎች ጎሚቶ የሚሉት መታጠፊያና ማኒኮቶ የሚሉት ማያያዣ እያንዳንዳቸው አንድ የመፍሰሻ ሥጋት ናቸው። ሁለት ጎሚቶ የሚበቃው መስመር በአምስት ጎሚቶ አይሠራ።

3ኛ/ ቧንቧውን ከጉዳት መጠበቅ። ከቤት ውጭ ያለው መስመር 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ባለው ቦይ ውስጥ ይቀበር። ከብት በሚረግጠው፣ ማረሻ በሚያልፍበት፣ ዛፍ በሚተከልበት ቦታ ባያልፍ ይመረጣል። ያለፈበትም መንገድ በድንጋይ ምልክት ይደረግበት፤ አለዚያ ነገ ጎረቤት ጉድጓድ ሲቆፍር በዶማ ይመታዋል። ቤት ውስጥ ሲገባ ግን ከግድግዳው ፊት ለፊት፣ ዓይን ሊያየውና እጅ ሊነካው በሚችልበት ሥፍራ ይለፍ።

4ኛ/ ተዳፋት መስጠት። ይህ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ደንብ ነው። ባዮጋዝ ከጉድጓዱ ሲወጣ እርጥበት ይዞ ነው። ቧንቧው ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ ውሃ ይሆናል። ውሃውም በቧንቧው ዝቅተኛ ቦታ ተኝቶ መንገዱን ይዘጋል፤ እሳቱም አንድ ጊዜ ቦግ፣ አንድ ጊዜ ድርግም ይላል። የነፋስ መውጫ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 3000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ ስሟም እንደሚመሰክረው ነፋስ የማይለያት አገር ስለ ሆነች፣ በላይ ጋይንት ደጋ ይህ ችግር ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ ከሚወርደው ቆላ ይልቅ ይብሳል። ስለዚህ ቧንቧው በ1 ሜትር ርዝመት ቢያንስ 1 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እያለ መሄድ አለበት።

ወዴት ይዘቅዝቅ? ማድ ቤቱ ከጉድጓዱ ከፍ ያለ እንደ ሆነ ቧንቧው ወደ ጉድጓዱ ይዘቅዝቅ፤ ውሃው በራሱ ጊዜ ተመልሶ ጉልላቱ ውስጥ ይወርዳል። ማድ ቤቱ ዝቅ ያለ እንደ ሆነ ግን ውሃው ወደ ምድጃው እንዳይሄድ፣ ቧንቧው ቤት ሳይገባ በፊት ዝቅተኛ ቦታ ይበጅለትና እዚያ ላይ የውሃ ማውጫ ይተከል። ማውጫው በትንሽ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ክዳን ይኑረው፤ በየሳምንቱም ተከፍቶ ውሃው ይፍሰስና ወዲያው ይዘጋ። በዚያን ጊዜ እሳት በአጠገቡ አይኑር።

5ኛ/ የቧንቧውን ስፋት መወሰን። በ20 ሜትር ርቀት ላይ ላለ አንድ ቤተ ሰብ ምድጃ ግማሽ ኢንች የሆነ ዚንክ የተቀባ የብረት ቧንቧ ይበቃል። መስመሩ እጅግ ሲረዝም ወይም ብዙ ምድጃ ላለው ትምህርት ቤት ሲሆን ግን የሦስት ሩብ ኢንች ወይም ከዚያ የሰፋ ያስፈልጋል። ምክንያቱም ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን የግፊቱ ኪሳራ እጥፍ ያህል ነው፤ ስፋቱ በግማሽ ሲቀንስ ግን ኪሳራው 16 ጊዜና ከዚያም በላይ ይሆናል። በጠባብ ቧንቧ ገንዘብ የቆጠበ ሰው ሁልጊዜ የደከመ እሳት ይዞ ይኖራል።

6ኛ/ መዝጊያዎችን በየቦታቸው ማድረግ። ሦስት መዝጊያ ያስፈልጋል። አንዱ በጉልላቱ አናት ላይ፣ ሁለተኛው ቧንቧው ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት፣ ሦስተኛው በየምድጃው አጠገብ። ሁለተኛው መዝጊያ የተተከለበትን ቦታ ከልጅ እስከ አዋቂ ሁሉም የቤቱ ሰው ይወቀው። ቤት ውስጥ እሳት ቢነሣ ወደ እሳቱ ሳይቀርቡ ጋዙን መዝጋት የሚቻለው በዚህ ነው።

7ኛ/ ለአየር መውጫ መተው። ባዮጋዝ ከአየር ጥቂት ይቀላል፤ ስለዚህ በማድ ቤቱ ግድግዳ ከላይ፣ ከጣሪያው ሥር የማይዘጋ መስኮት ይኑር። ቡታጋዝ ግን ከአየር እጥፍ ያህል ይከብዳል፤ ሲፈስ በወለል ላይ እንደ ውሃ ይተኛል። ስለዚህ ለቡታጋዝ መውጫው ከታች፣ በወለሉ ደረጃ ይሁን። የቡታጋዝ ሲሊንደር ቀጥ ብሎ ይቁም እንጂ አይጋደም፤ በምድር ቤትም ሆነ ጎድጎድ ባለ ቦታ ከቶ አይቀመጥ። የላስቲኩ ቱቦም አጭር ይሁን፤ ከምድጃው በስተ ኋላ ወይም በግድግዳ ቀዳዳ አይለፍ። የቡታጋዝ ምድጃም ሳይለወጥ ለባዮጋዝ አያገለግልም፤ የጋዝ መውጫ ቀዳዳው የተለያየ ነውና።

አንድ ምሳሌ በቁጥር

እንበልና በመካነ ኢየሱስ ከተማ ዳር የሚኖር አንድ ቤተ ሰብ 4 ከብቶች አሉት። ሌሊት በበረት ከሚያድሩ ከብቶች በቀን ከእያንዳንዳቸው 10 ኪሎ ፍግ ቢሰበሰብ ድምሩ 40 ኪሎ ነው። ይህ ከ40 ሊትር ያህል ውሃ ጋር ተበጥብጦ ወደ ጉድጓዱ ይገባል። በመልካም ሙቀት 1 ኪሎ ፍግ 40 ሊትር ያህል ጋዝ ስለሚሰጥ፣ የቀኑ ምርት 1600 ሊትር ይሆናል። አንድ የቤት ምድጃ በሰዓት 400 ሊትር ገደማ ስለሚፈጅ፣ 4 ሰዓት ያነዳል ማለት ነው። በብርድ አገር ግን የጉድጓዱ ሥራ ስለሚዳከም፣ ለጥንቃቄ ግማሹን፣ ማለት 2 ሰዓት ብቻ መቁጠር ይገባል። ቤተ ሰቡ በየቀኑ 40 ሊትር ውሃ ማግኘት ካልቻለ ደግሞ ጉድጓዱን ከመቆፈሩ በፊት ስለ ውሃው ያስብ፤ የውሃው ሸክም የሚወድቀው በእናትና በሴት ልጅ ጀርባ ላይ ነውና።

ከጉልላቱ እስከ ምድጃው ያለው ርቀት 18 ሜትር ነው እንበል። በሜትር 1 ሴንቲ ሜትር ብንቆጥር መስመሩ በጠቅላላው 18 ሴንቲ ሜትር መዝቀዝቀዝ አለበት። ይህን በዓይን ግምት መሥራት አይቻልም። ግልጽ የሆነ የላስቲክ ቱቦ ውሃ ሞልቶ ሁለቱን ጫፎች በመነሻውና በመድረሻው ላይ ቢይዙት፣ ውሃው በሁለቱም ጫፍ እኩል ከፍታ ላይ ስለሚቆም፣ ልዩነቱን በሜትር ለክቶ ማወቅ ይቻላል። ግንበኞች ሁሉ የሚያውቁት ዘዴ ነው።

ስለ እንጀራም እውነቱን መናገር ይገባናል። የተለመደው የባዮጋዝ ምድጃ ለወጥ፣ ለቡናና ለሻይ ይበቃል፤ ሰፊውን ምጣድ ግን ዳር እስከ ዳር እኩል ሊያሞቅ አይችልም። ለዚህ የተለየ ምድጃ ያስፈልጋል። እርሱ እስኪገኝ ድረስ እንጀራው በጢስ መውጫ ባለው በተሻሻለ ምድጃ ይጋገር። ጋዝ ገባ ተብሎ የጢስ መውጫው አይደፈን።

ሳይቃጠል በቅጠል፤ መስመሩን ስለ መፈተን

ቧንቧው ተዘርግቶ ሳይቀበር በፊት ይፈተን። ከተቀበረ በኋላ መፈተን ልብስ ከተሰፋ በኋላ እንደ መለካት ነው። ፈተናው ሁለት ነው።

የመጀመሪያው የሳሙና አረፋ ነው። ሳሙና በውሃ ተበጥብጦ በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ላይ በብሩሽ ይቀባል። አረፋው ከተነፋ ጋዝ ይፈሳል። በክብሪት መፈተን ግን ሞትን መጥራት ነው።

ሁለተኛው የግፊት ፈተና ነው። ግልጽ የሆነ የላስቲክ ቱቦ በ«ሀ» ፊደል ቅርጽ ታጥፎ በሰሌዳ ላይ ይታሰር፤ እስከ ግማሹ ውሃ ይጨመርበት። አንዱ ጫፍ ከጋዙ ቧንቧ ጋር ይያያዝ፤ ሌላው ክፍት ይቅር። የምድጃው መዝጊያ ተዘግቶ ዋናው ሲከፈት ጋዙ ውሃውን በአንድ ወገን ዝቅ፣ በሌላው ከፍ ያደርገዋል። የሁለቱ ከፍታ ልዩነት የጋዙ ግፊት ነው። አሁን ዋናው መዝጊያ ይዘጋና አንድ ሰዓት ይጠበቅ። ውሃው ካልተንቀሳቀሰ መስመሩ ደህና ነው፤ ልዩነቱ ከቀነሰ አንድ ቦታ ይፈሳል። በ18 ሜትር የግማሽ ኢንች ቧንቧ ውስጥ ያለው ጋዝ 4 ሊትር እንኳ ስለማይሞላ፣ ጥቂት መፍሰስ ወዲያው ይታያል። ፈተናው ፀሐይ ሳትበረታ በማለዳ ይደረግ፤ ቧንቧው በፀሐይ ከሞቀ ውሃው ያታልላል።

አዲስ ጉድጓድ የሚሰጠው የመጀመሪያው ጋዝ ከአየር ጋር የተቀላቀለ ስለ ሆነ ሳይለኮስ ወደ ውጭ ይለቀቅ። ከጋዙ ዋናው ክፍል የሆነው ሚቴን ከአየር ጋር ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲደባለቅ በብልጭታ ይፈነዳል።

ጋዝ ሲሸት ምን እናድርግ?

ያልተቃጠለ ባዮጋዝ እንደ ተበላሸ ዕንቁላል ይሸታል። አፍንጫ ግን ሽታውን ቶሎ ስለሚለምድ እርሱን ብቻ መታመን አይገባም። ሽታው በተሰማ ጊዜ፤ እሳት ካለ ይጥፋ፣ ክብሪት አይጫር፣ የኤሌክትሪክ መብራት አይብራ፣ የበራውም አይጥፋ። በርና መስኮት ይከፈት፤ ልጆች ይውጡ፤ በውጭ ያለው መዝጊያ ይዘጋ። ወደ ባዮጋዙ ጉድጓድ ውስጥ ግን ባዶ ቢመስልም ማንም አይግባ፤ በውስጡ የሚቀረው ጋዝ ሰውን በጥቂት ጊዜ ውስጥ ያሰናክላል።

መጸዳጃ ቤት ከጉድጓዱ ጋር የተያያዘ እንደ ሆነ ዝንብ የሚራባበት ዓይነ ምድር ከሜዳ ይነሣል፤ ይህም ትራኮማን ለመከላከል ይረዳል። ከጉድጓዱ የሚወጣው ዝቃጭ ግን የበሽታ ተሐዋስያንን ሁሉ አጥርቶ ስለማይገድል፣ ጥሬውን በሚበላ አትክልት ላይ አይደፋ።

ለመምህራን

ይህን ትምህርት በክፍል ለማስተማር የ«ሀ» ቅርጽ ያለውን ቱቦ መሥራት ይበቃል። በአንዱ ጫፍ ተማሪ ቀስ ብሎ እፍ ቢል የውሃው ከፍታ ይለወጣል፤ ግፊት ምን እንደ ሆነ ልጆች በዓይናቸው ያያሉ። ቀጥሎም እያንዳንዱ ተማሪ የቤቱን በረት፣ ማድ ቤትና የውሃ ምንጭ በወረቀት ላይ ነድፎ የቧንቧውን መንገድ ያስምር። ከዚያም እነዚህን ጥያቄዎች ይመልስ።

ሀ) በመስመሩ ላይ ስንት መገጣጠሚያ አለ? ከዚያ ሊያንስ ይችላልን?
ለ) በቧንቧው ውስጥ የሚጠራቀመው ውሃ ወዴት ይሄዳል?
ሐ) ቤት ውስጥ እሳት ቢነሣ ጋዙን ማን፣ በየት ቆሞ ይዘጋዋል?
መ) ጋዝ ቢፈስ ከየት በኩል ይወጣል?

እነዚህን አራት ጥያቄዎች መመለስ የቻለ ቤተ ሰብ ቧንቧ መግዛት ይችላል። አንዱንም መመለስ ያቃተው ግን ገንዘቡን በከረጢቱ አቆይቶ ከባለሙያ ጋር ይማከር። የቀረችው እናት ከጢስ፣ የተኛውም ሕፃን ከአደጋ የሚጠበቁት ከቧንቧው በፊት ወረቀቱ የቀደመ እንደ ሆነ ነው።